ወንድ የሌለበት ቤት ዶሮ

አባቴ ከሞተ በኋላ ለመጣው የመጀመሪያ ፋሲካ እቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እቅዱ ታትሞ የወጣ ነበር። ለበዓል እቅድ የሚያትም ሰው አይቼ አላውቅም፤ ግን የምሠራው ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ያለች ኮፒ ቤት ነው፣ ማተሚያ ፊት ቆሞ የሚውል ሰው ደግሞ የማያስፈልገውንም ያትማል። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። መቀመጥ ስለማልችል፣ ቆሜ የሰው መታወቂያና የቤት ካርታ ስገለብጥ መዋሉ ተስማምቶኛል።

ወረቀቱ ከላይ "የፋሲካ ዝግጅት" ይላል። ከሥሩ የቤቱ ማስዋቢያ፣ ድፎው፣ ፈንዲሻው፣ እንቁላሉ፣ እንግዶቹ፣ የእሑድ ምሳ። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት የሚሠራው ሰው ተጽፏል። ሠራተኞቹ ሁለት ነን፤ እማዬና እኔ። አንዱ መስመር ላይ ግን ማንንም መጻፍ አልቻልኩም።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከመኪናዋ ቀና ብላ ወረቀቱን አየችና ባዶውን ቦታ በመቀስ ጫፍ ነካችው።

"ይኼስ?"

"ዶሮ ማረድ ነው የሚለው።"

"ማንበብ እችላለሁ። ማነው የሚያርደው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የዋሸሽው አንቺ ነሽ" አልኳት።

ውሸቱ ለጋሼ ነው። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በደሳ ይኖራል፣ ቡናም ጫትም አለው፣ ግቢው ሰፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የምንኖርበት ቤት የአያቴ ነው፤ አያቴ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ትቶት ጋሼ በደሳ ስለከተመ አባቴ ኖረበት። በአባቴ አርባ ቀን፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጋሼ እጁን ታጥቦ፣ አፉን ጠርጎ፣ እማዬን "በይ እንግዲህ፣ ጠቅልላችሁ በደሳ ትመጣላችሁ" አላት።

"የስፌት ደንበኞቼ እዚህ ናቸው ጋሼ። ቤቴም እዚህ ነው።"

"እሱማ ነው። ግን ሁለት ሴት ብቻችሁን አሰበ ተፈሪ ላይ ምን ትሆናላችሁ? በዓል ሲመጣ እንኳ፣ ወንድ የሌለበት ቤት በዓል ያወጣል?"

"ያወጣል" አለች እማዬ።

"እንግዲያው ፋሲካን መጥቼ እዚህ እውላለሁ። ቤቱ እንደ ድሮው በዓል ካወጣ ሁለተኛ አላነሳባችሁም። ካላወጣ ግን አይሱዙ ይዤ መጥቼ ዕቃችሁን እጭናለሁ።"

"እሺ" አለች። ብላ ጨረሰችው። ሽማግሌ የለ፣ ምስክር የለ፤ አንድ ቤት በአንድ ዶሮ ወጥ ላይ ተንጠለጠለ።

በደሳን እወዳታለሁ፣ ለሁለት ቀን። ከሁለት ቀን በላይ ጋሼ ግቢ ውስጥ ከተቀመጥኩ ግን በሩ በጮኸ ቁጥር "ወዴት ነሽ?" የሚለኝ ሰው አለ። የእማዬም መኪና አንድ ጥግ ተቀምጦ የቡና ጆንያ ሲጠቅም ታየኝ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲቃረብ ጋሼ ደወለ። ስለ ጤናችን ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዶሮውን ማን ያርድላችኋል?" አለ። እማዬ ሳታስብ "ሰው አለን" አለች። ስልኩን ዘጋችና "ሰው የለንም እኮ" አለችኝ። አዲስ ነገር የነገረችኝ ይመስል።

እኛ ቤት፣ የማውቀው ክርስቲያን ቤትም ሁሉ፣ ሴት አታርድም። ሴት ዶሮውን ትገዛለች፣ ታስራለች፣ ትቀልባለች፣ ሲታረድ ትይዛለች፣ ትነጫለች፣ አስራ ሁለት ቦታ ትበልታለች፣ ሽንኩርቱን ከትፋ ዓይኗ እስኪጠፋ ታቁላላለች። መሃል ላይ ያለችውን የግማሽ ደቂቃ ሥራ ግን ወንድ ይሠራል። እሱ ወንድ ደግሞ ክርስቲያን መሆን አለበት፤ ሙስሊም ያረደውን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ይኼን ሁለታችንም ያለ ቅሬታ እናውቀዋለን፤ ጭሮ ውስጥ ልጅ ስሙን ሳይማር ይኼን ይማራል።

በየዓመቱ የሚያርደው አባቴ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የምናስበው ከቤታችን በላይ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩ፤ እሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው በዓሉን ልጃቸው ዘንድ ሊውሉ ድሬዳዋ ወርደዋል። የቀረው ጎረቤታችን በሙሉ ሙስሊም ነው።

አዴ የምላት የግድግዳ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ማሊ? ምን ሆናችሁ?" አለችን። ነገርናት።

"ታዲያ የኔ ሰውዬ ይረድላችኋ!"

"እሱ ካረደው እኛ አንበላውም፣ አዴ።"

"ይገባኛል። እኛ እንበላዋለን" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ እስከ መስጊዱ ማዶ ይሰማል። ወዲያው ግን አዘነች። "ያ ረቢ! ቤቴ ውስጥ አራት ወንድ ተጋድሟል፣ ለናንተ የሚሆን አንድ የለም።"

ቀጥሎ የአክስቴ ባል ታሰበ። አክስቴ የእማዬ ታናሽ ናት፤ ስታገባ ጴንጤ ሆናለች። ባሏ ግንበኛ ነው፣ ትልቅ እጅ ያለው ዝምተኛ ሰው። ለማረዱ ፈቃደኛ ነው። ችግሩ የሚባለው ነገር ላይ ነው። እማዬ "በስመ አብ ብሎ አማትቦ ካረደ ምን ገዶኝ" አለች። አክስቴ "በጌታ ስም ጸልዮ ያርዳል፣ ማማተብ ግን አያማትብም" አለች። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ዶሮ ጉዳይ ተቀምጠው የሃይማኖት ጉባኤ ከፈቱ። ዶሮው ሐሙስ ተገዝቶ የስፌት መኪናው እግር ላይ ታስሮ ነበር፤ እማዬ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ይጮሃል።

እኔ ሰነድ የማዘጋጅ ሰው ስለሆንኩ ረቂቅ ጻፍኩ። "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም" የሚለው ለሁለቱም ይስማማል፤ መስቀሉን ደግሞ እማዬ ከኋላው ቆማ ታማትብለት አልኩ። አክስቴ አንብባ "ይኼ ጥሩ ነው፣ ግን ከዚህ ላይ አጭር ምስጋና ይጨመር" አለች። እማዬ "ስንት መስመር?" አለች። ሦስት ጊዜ አርሜ አተምኩት። የአክስቴ ባል ወረቀቱን በትልቅ እጁ ይዞ ራቅ አድርጎ አነበበና "ዶሮው እስከዚህ ድረስ ይጠብቃል?" ብሎ ጠየቀ። ከጉባኤው በሙሉ የሰማሁት ብቸኛ የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው።

መጨረሻ ላይ ነገሩን ያፈረሰችው እማዬ ናት። "ጋሼ ማን አረደው ሲለኝ ምን ልበለው? ጴንጤ አረደው ልበለው? አይሱዙውን በዚያው ይዞልኝ ይመጣል።" አክስቴ ተቀይማ ወጣች፤ ከበር ተመልሳ "እሑድ ግን ምሳ እንመጣለን" አለች።

እኔ ነገር ሲጓተት አልችልም። ስቅለት ዕለት ዶሮውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በራችን ላይ ቆምኩ። የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ አንገት አያለሁ፤ ማተብ ያለው እንደሆነ። የወጣት ሴት ዓይን አንገቱ ላይ ሲተከል ወንድ ምን እንደሚያስብ ያን ቀን ተረዳሁ። አንዱ ቆሞ ጸጉሩን አስተካከለ።

"ክርስቲያን ነህ?" አልኩት።

"ለምን? እሆናለሁ" አለ።

"ሂድ።"

አንዱ ማተብ አለው፤ ግን "እጄ ላይ ቁስል አለ፣ ሐኪም ውኃ እንዳይነካው ብሎኛል" አለ። አንድ ጫት የጫነ ፒካፕ በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ የሾፌሩን ማተብ በመስኮት ሲውለበለብ አየሁት፤ ጮህኩለት፤ እንኳን ሊቆም መስጊዱን አልፎ ነበር። ከዚያ አንድ ባጃጅ መጣ። ሾፌሩ ጥቁር ማተብ፣ መስታወቱ ላይ የማርያም ሥዕል። ዶሮውን ይዤ ሲያየኝ ራሱ ቆመ።

"ሚያርድ የለም?" አለኝ።

"የለም።"

"ስንተኛ እንደሆንሽ ልይልሽ።" ስልኩን አወጣ። ለካ ሰውየው በዚህ ሥራ ላይ ነው። የሞተባት፣ የተፋታች፣ ባሏ ዓረብ አገር የሄደባት፣ ሁሏም በየሰፈሯ ተመዝግባለች። "ነገ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልያዝልሽ። ከዛ በፊት ሙሉ ነኝ። ውኃ አፍልታችሁ ጠብቁኝ፣ እኔ አልቆምም።"

እቅዴ ላይ ባዶው ቦታ ተሞላ። "ባጃጁ፣ 11 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ የምመጣው እሑድ ጠዋት ነው ስላለን ሁሉም ነገር ደረሰ።

ስለዚህ ወደ ማስዋብ ገባሁ። ለሆሳዕና የጎነጎንኩትን የዘንባባ መስቀል በሩ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ኮፒ ቤት የተበላሹትን ወረቀቶች ይዤ መጥቼ በመቀስ ቆራርጬ ረጅም የወረቀት ሰንሰለት ሠራሁ፤ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ አለበስኩት። የወረቀቶቹ ጀርባ ላይ የሰው መታወቂያ እንዳለ ያየሁት ከሰቀልኩት በኋላ ነው። አዴ ልታይ ገብታ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ዞረች።

"ይኼ የዘይት ነጋዴው አይደል? አዎ፣ ጆሮው ነው። ይኼስ... እኔ ነኝ እንዴ? ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው የሰቀልሽኝ?"

"ላውርድሽ?"

"ተይ፣ ተይው። ወጣት ሳለሁ የተነሳሁት ነው። አምሮብኛል።"

እንቁላሉም የእኔ ነበር። ስልኬ ላይ ፈረንጆች ለፋሲካ እንቁላል ሲቀቡ አይቼ ለምን እኛስ አልኩ። አስራ ሁለቱን ቀቅዬ በቢሮ ማርከር ቀባኋቸው፤ መስቀል፣ አበባ፣ አንዱ ላይ የአባቴን ባርኔጣ። ያላወቅሁት ነገር ሲቀቀሉ ቅርፊታቸው ተሰንጥቆ እንደነበር ነው። እማዬ ልትልጥ ስትቀመጥ ሰማያዊው መስመር በስንጥቁ ገብቶ ነጩ ላይ ጅማት ሠርቷል።

"እንቁላሉን ምን አደረግሽው?"

"ዲዛይን ነው።"

"ቤታችንን በዲዛይን ልታስወስጂው ነው።" ሌላ እንቁላል አልገዛችም። ደጋግማ አጠበችው፤ ሰማያዊው ግን አልለቀቀም።

ቅዳም ሹር ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ እማዬ ግንባሯ ላይ ቄጠማ አስራ ሽንኩርት እያቁላላች፣ እኔ ውኃ እያሞቅኩ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ነው። በደሳ ለእሑድ ጠዋት መኪና አይገኝም ብሎ ዛሬውኑ መጣ። በአንድ እጁ የቡና ከረጢት፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር። የጋዜጣውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ቢላዋ።

"ለማንኛውም ብዬ ነው" አለ።

እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ጋሼ ቤቱን ዞሮ አየ። የወረቀት ሰንሰለቱን አየና የዘይት ነጋዴው ጆሮ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዶሮውን አየ። ዶሮው በሕይወት አለ።

"ሰውየው የታል?"

"ይመጣል ጋሼ፣ አስራ አንድ ሰዓት" አለች እማዬ።

"አስራ አንድ? ሌሊት ሊነጋ ሲል ነው እንዴ ወጥ የምትሠሩት! ማነው ለመሆኑ?"

እማዬ ወደ እኔ አየች። "ባጃጅ ነው" አልኩ።

"ባጃጅ ያርዳል?"

"የሚነዳው።"

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ በአርባው ቀን "በይ እንግዲህ" ከማለቱ በፊት የተነፈሰው ነው። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ። "እንዳልኩት ነው፣ ታያለሽ? በባጃጅ የሚያሳርድ ቤት ሆነ። ነይ፣ አንቺ ያዢልኝ" አለኝ። እማዬ ወደ ድስቷ ዞረች፤ ከኋላዋ እንኳ ፊቷን አየሁት። ጋሼ ቢላዋውን ካነሳ በዓሉን ያወጣው ጋሼ ነው። ሰኞ ዕለት ወይ ማክሰኞ አይሱዙው በራችን ላይ ይቆማል።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወጣን። ዶሮውን እግሩን ይዤ ቆምኩ። ጋሼ እጅጌውን ጠቀለለ። ቢላዋውን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

"ሞረድ አላችሁ?"

አመጣሁ። ሞረደ። ብዙ ሞረደ። ቢላዋው ያልቃል ብዬ ሰጋሁ።

"ምሥራቅ በየት በኩል ነው?"

"ጋሼ፣ እዚህ ቤት እኮ ነው የተወለዱት።"

"ከፍታው አሳስቶኝ ነው።" ጋራዎቹን አየ። ውኃ ጠየቀ፣ እጁን ታጠበ። ቀበቶውን አጠበቀ። ዶሮውን አየው፤ ዶሮውም አየው። ጋሼ ዓይኑን ነቀለ።

"አሁን፣ በዓል ሆኖ፣ ይኼ ዶሮ አላነሰም?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ያርዱታል ወይስ ያጫውቱታል?"

ግንባሩ ላይ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ፣ ይኼ ትልቅ ሰው፣ በደሳ ላይ ሲቆም ገበያው የሚነሳለት ሰው፣ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሰረቅ አድርጎ አይቶ ድምፁን ቀነሰ።

"አባትሽ ነበር የሚያርደው።"

"አውቃለሁ፣ እኛ ቤት እሱ ነበር።"

"የኔንም። ቅዳም ሹር ጠዋት በደሳ መጥቶ የኔን አርዶልኝ፣ ከሰዓት ተመልሶ የናንተን ያርድ ነበር። ሚስቴም አታውቅም፤ ጓሮ ሁለታችን ነበር የምንገባ። ከልጅነቴ... ደሙን ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንድ ጊዜ ሞክሬ ወድቄያለሁ።"

አባቴ ለፋሲካ ወንድሙን ለመጠየቅ ነበር በደሳ የሚሄደው። እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው። በየዓመቱ እየደከመው ሲመለስ እማዬ "ወንድሙን ሲያይ ደስ ስለሚለው ያወራል፣ ያወራል" ትል ነበር። የሚያወራው እንግዲህ ይኼ ነው።

"የዚህ ዓመቱስ? የእርስዎ ቤት ዶሮ?"

"ቤተሰቤን ይዤ ልምጣ ብልም ባለቤቴ አሟታል፣ ዘንድሮ ስጋ ይቅርብን አልኩ።" መሬት መሬት አየ። "እዚህ የመጣሁት ሰው አለን ስላላችሁ ነው። ቢላዋው... ቢላዋው ለወጉ ነው።"

እንደሱ ሲል ልስቅ ነበር፤ አልሳቅሁም። ዶሮው እጄ ላይ ከብዶኝ ነበር፣ ውስጥ ሽንኩርቱ እየተጠበሰ ነው፣ እኔም የምፈልገውን አውቃለሁ።

"እኔ ላርደው እችላለሁ" አልኩ።

"አንቺ ሴት ነሽ!"

"እርስዎ ደግሞ ይወድቃሉ።"

"ነውር ነው፣ ሰው ቢሰማ..."

"ማን ይነግራቸዋል? እኔ አልናገርም። ግን ቤቱስ?"

"የምን ቤት?"

"ይኼ ቤት። አይሱዙው።"

አየኝ። እንደዚህ ያየኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጥን ሰው እንደሚያዩት። "አባትሽን ነው የመሰልሽው" አለ። ከዚያ "እሺ። አላነሳም። ግን ቃሉን እኔ እላለሁ። ሴት አርዳው ሴት ቃሉን ብላ፣ እሱንስ አልበላውም" አለ።

ስለዚህ እንዲህ አረድነው። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ሁለት እጁን ጆሮው አካባቢ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" አለ፤ እኔ በእግሬ ክንፎቹን ረግጬ ቢላዋውን ሳብኩ። ሲያልቅ "አለቀ?" አለ። "አለቀ" አልኩት። "እርግጠኛ ነሽ?" "ጋሼ፣ ራሱ እጄ ላይ ነው።" ያን መንገር አልነበረብኝም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ውኃ አጠጥቼ፣ እጁን ትንሽ ደም ነካ አድርጌለት ይዤው ገባሁ። እማዬ ከድስቱ ሳትዞር "እጅዎ ይባረክ ጋሼ" አለች።

"አሜን" አለ ጋሼ፣ በቀጭን ድምፅ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ሾፌሩ ቢላዋውን ይዞ ሮጦ ገባ፤ ሱሪው ላይ የግማሽ ጭሮ ደም አለ። "የታል? ቶሎ! ሦስት ቤት ይቀረኛል!"

"ታርዷል" አለች እማዬ።

"ማን አረደው?"

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ።"

ሾፌሩ ሳህኑ ላይ የተቀመጠውን አንገት አነሳ። እንደ ባለሙያ አገላበጠው። "ይኼ የለመደ እጅ ነው አባቴ። አንዴ ብቻ! እኔ እንኳን ሁለቴ ነው የምስበው። የሚሠሩት ምንድነው?" ጋሼ ፊቱ በራ። ሰውየው ከወጣ በኋላም እማዬን "'አንዴ ብቻ!' አለኝ እኮ" አላት። ሁለት ጊዜ ነገራት።

እሑድ ምሳ ላይ ሁሉም መጣ። አክስቴና ባሏ ቅያሜያቸውን ረስተው መጡ፤ አዴ ለሷ ድፎና ፈንዲሻ ተዘጋጅቶላት የራሷን የወረቀት ፊት ከላይዋ አድርጋ ተቀመጠች። ወጡ ቀረበ። ለቤቱ ወንድ የምትወጣውን ብልት፣ ፈረሰኛዋን፣ እማዬ ሰማያዊ ጅማት ካለው እንቁላል ጋር ጋሼ ፊት አደረገች።

"ይኼ እንቁላል ምን ነክቶት ነው?"

"ዲዛይን ነው" አለች እማዬ፣ ኮስተር ብላ።

ጋሼ እንቁላሉን በላ። ፈረሰኛዋን ግን እንጀራ እያለበሰ፣ እየገለጠ፣ ከወዲህ ወዲያ እየነዳ ቆየ። እማዬም ዶሮውን አልነካችውም፤ "ሆዴን ቀርጥፎኛል" ብላ በአይብ ጾሟን ፈታች። የሃምሳ አምስት ቀን ጾም በአይብ! የአክስቴ ባል ብቻ ከእኔ ጋር ያለ ሐሳብ በላ። ሦስት ብልት አነሳ። አክስቴ በክርኗ ስትጎሽመው "ምን አደረግኩ? ይጣፍጣል እኮ" አለ።

ጋሼ በመጨረሻ እጁን ሰበሰበ። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"ቤቱ በዓል አውጥቷል" አለ። "እንዳልኩት ነው፤ ሁለተኛ አላነሳም። ሰው ያለበት ቤት ነው።" እማዬ ልትነሳ ስትል እጁን አነሳ። "ግን ወንድ ያስፈልጋችኋል፣ እሱ አይቀርም። ስለዚህ በየዓመቱ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠኝ፣ እኔ ራሴ መጥቼ አርድላችኋለሁ።" ትንሽ አሰበና ጨመረ። "ወይ ይቺ ልጅ ጠዋት በደሳ ትምጣና እኔ ዘንድ ያለውን ትያዝልኝ፣ ከሰዓት አብረን እዚህ እንመጣለን። አያያዟ ጥሩ ነው።"

"ኧረ ሸጋ ሐሳብ ነው" አለች አክስቴ።

የዕድሜ ልክ ሥራ እንዳገኘሁ እዚያ ማዕድ ላይ ገባኝ። ሁለት ዶሮ በየዓመቱ፣ አንዱ ጎህ ሲቀድ፣ አንዱ ከሰዓት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ወደ በደሳ ሄደ። ባጃጅ ተራ ድረስ ሸኝተነው ስንመለስ እማዬ ወደ ቤት አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ቆርቆሮውን፣ የተላጠውን ቀለም፣ የዘንባባውን መስቀል። ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

"ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን አየሁት" አለች። "በመስኮቱ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ብዬ ልጩህ? ጋሼ አያርድም ብዬ ልጩህ ወይስ ልጄ ታርዳለች ብዬ?" ድስቱ ላይ እጇን አሳረፈች። "ቃሉ የሱ ነው፣ ቢላዋው ያንቺ። እንዲህ ያለው ምን ይባላል?"

"የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው።"

"አልጠይቅም።"

"ለምን?"

"ብጠይቃቸው ይመልሱልኛላ" አለች።

ክዳኑን አነሳች። ወጡ አድሮ ቀዝቅዞ ቅቤው ከላይ ረግቷል። ማሞቅ አልፈለገችም። ፈረሰኛዋ ጋሼ እንደተዋት ከነእንጀራዋ ተመልሳ ከላይ ተቀምጣ ነበር። እማዬ በጣቷ አወጣቻት፣ ቆማ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ እስከ አጥንቷ በላቻት።

"ጨው አንሶታል" አለች።